የሁለት ደጋን ይለፍ

ቀስት በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሮ ቆቦ ድረስ መጥቶ ነበር ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ቆቦ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የዚያን ቀስት ወረቀት በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ጽሕፈት ቤት ማለት ሁለት ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ማህተምና አንድ ሹም ነበር። ማህተሙ ሹሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይውላል፤ ቁልፉ ሹሙ አንገት ላይ ይውላል። ሰውየው ያ የቆላ ሙቀት እያነደደውም ከረባቱን የማይፈታ፣ ደሴ ሦስት ዓመት ስለተቀመጠ ብቻ የራያን ሰው ሁሉ ቁልቁል የሚያይ ነበር። አፉን ሞልቶ «መንግሥት አይፈቅድም» ይላል። እኔ አልፈቅድም ማለቱ ነው።

ከቢሮው ደጃፍ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ሰው ተኝቷል። ከዋጃ የመጣ አለ፣ ከዞብል ግርጌ የመጣ አለ፣ ከየት እንደመጣ ለመናገር አቅም ያጣም አለ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል፤ ምን ይሰረቅብኛል ብሎ እንደሚዘጋው እንጃ። ጠዋት ስገባ ተራምጃቸው የማልፋቸው ሰዎች ማታ ስወጣ በቦታቸው የሉም፤ ሌሎች ተኝተውበታል። እኛ ውስጥ ቁጭ ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን። ምን ብለን? «ለጊዜው የተቸገሩ ሰዎች» ብለን። ረሃብ የሚለው ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ሹሙ አዝዟል። አንድ ቀን አንድ ማመልከቻ በቀይ ቀለም ሰርዞ መለሰልኝ።

«ይህን ቃል አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ባላገሩ ነው ያለው ጌታዬ፤ እኔ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«ባላገር ምን አማርኛ ያውቃል» አለኝ። ወላሂ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ይኸው ሰው በኋላ አብዮቱ ሲፈነዳ ከረባቱን ፈትቶ፣ ካኪ ለብሶ፣ ገበያ መሃል ቆሞ «ረሃብ! ረሃብ!» እያለ ከሁሉ በላይ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ትልልቅ እንግዶች በመንገዱ ስለሚያልፉ የተጎሳቆለ ሰው እንዳይታይ ተባለና ጎብዬ መውጫ ላይ ኬላ ቆመ። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ይለፍ ከሌለው ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ በእግሩ የመጣም ከሆነ በመጣበት ይመለሳል። ይለፉን የምንጽፈው እኛ ነን። ለሰው ግን መጻፍ ተከልክሏል። የሚጻፈው ለነጋዴ ዕቃ፣ ለመንግሥት ንብረት፣ አለዚያም የሙያ ዕቃውን ይዞ ለሥራ ለሚሄድ ባለሙያ ነው። እንዲያው ሰው የሆነ ሰው፣ ምንም ያልያዘ፣ የትም አይሄድም።

አክስቴ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዋጃ ነው የተዳረችው። ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ቀብራ፣ የቀረቻትን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ቆቦ ድረስ በእግሯ ገባች። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በአንቀልባ ታዝላ ሳይ መጀመሪያ ሌላ ሕፃን መሰለችኝ። ቤቴ ወሰድኳቸው። ያለችኝን ቂጣ በውሃ አርሼ ሰጠኋት፤ አልያዝ አላት። ወተት ለምኜ አመጣሁ፤ እሱንም መለሰችው። ሆዷ እህል መቀበል ትቷል።

«ደሴ ሐኪም ቤት አለ» አለች አክስቴ። «ትልቋ ልጄም እዚያው ናት፤ ባሏ ዳቦ ይጋግራል። እዚያ ካደረስኳት ትተርፍልኛለች። እኔስ የትም ልውደቅ። አንተ የመንግሥት ቤት ነህ፤ አንዲት ወረቀት ጻፍልኝ።»

የመንግሥት ቤት ነህ አለችኝ። በዚህ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በማግስቱ ሹሙ ፊት እጅ ነስቼ ቆምኩ። አክስቴ ናት አልኩ፣ ልጅቷ ልትሞትባት ነው አልኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። «ለሰው አይጻፍም» አለና ጥርሱን በስንጥር መጎርጎሩን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ገባሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ፈረንጁ መጣ።

ላንድሮቨሩ አቧራ ለብሷል፤ ጣሪያው ላይ ሰው የሚያስተኛ ረጅም የብረት ሣጥን ታስሯል። ሬሳ ሣጥን መስሏቸው ደጃፍ የተኙት ሁለት ሽማግሌዎች ለሞተ ሰው የሚባለውን ፋቲሓ ቀሩለት። ፈረንጁ ቀይ፣ ረጅም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ሰው ነው። ሹሙ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። እንግሊዝኛ እኔ አውቃለሁ ስለሚባል ተጠራሁ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው የማውቀው፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ የሚሻል አልነበረም።

ሰውየው አዳኝ ነው። ከዞብል ወዲያ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ያን ቀንደ ረጅም ሳላ ሲያድን ሰንብቷል፤ ያውም በቀስት። ጠመንጃ እያለ ለምን በቀስት ብዬ ጠየቅኩት። «ለእንስሳው ዕድል ለመስጠት ነው» አለኝ፤ ቃል በቃል ገብቶኛል። በመስኮቱ ውጭውን አየሁ። ዕድል የሚሰጠው እንስሳ ለመሆን የሚመኝ ሰው ስንት ተኝቷል ብዬ ልመልስለት አማረኝ፤ እንግሊዝኛዬ አልደረሰልኝም።

ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። እኔ ወረቀት አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም። ቀስቶቹ የእሱ መሆናቸውን ያገሩ መንግሥት የመሰከረበት አለ። አየር መንገዱ ለመጫን ፈቅጃለሁ ያለበት አለ፤ ጅማታቸው ወልቆ፣ የፍላጻዎቹ ስለት ተፈትቶ ለብቻው ታሽጎ መሄድ አለበት ይላል። መንገድ ላይ አውሮፕላን በቀየረበት አገር ሁሉ አንዳንድ ማህተም ተመትቶለታል። የአደን ፈቃድ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ አበባ ጉምሩክ የጻፈለት አለ፤ ሁለት ቀስት፣ አሥራ ሁለት ፍላጻ ለጊዜው ገብቷል፣ ሲወጣ በቁጥር ይረጋገጣል የሚል። አንድ ቀስት ከእናቱ ቤት ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ስንት መንግሥት ነው የሚጨነቅለት። እኔ የአንድም ሕፃን የልደት ወረቀት ጽፌ አላውቅም።

የሰውየው ችግር ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁለት ፍላጻ ጠፍቶበታል። አንዱ ሳላዋ ላይ እንደተሰካ አብሯት ሄደ፤ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አሥር ብቻ ይዞ ጉምሩክ ቢደርስ ሁለቱን ሸጠሃል ብለው ቀስቶቹን ይይዙብኛል ብሎ ፈርቷል። ስለዚህ የጠፉት በዚህ ግዛት ውስጥ መሆኑ ተመስክሮ ይጻፍለት። አውሮፕላኑ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ነው የሚነሣው።

ሹሙ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲጠብቅ ነው የኖረው። እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። የጠፋ ንብረት ሦስት ምስክር ያስፈልገዋል ብሎ ከደጃፍ ሦስት ሰው አስነሥቶ አስገባ። ምንም አላዩም፤ ፍላጻም ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ላባ ያለበት እንጨት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። አንደኛው ግድግዳ ተደግፎ አሰበና «እንግዲህ የሱ እንጨት ከተጻፈ የኔም ይጻፍልኝ» አለ። «አራት በሬ ጠፍቶብኛል። ሚስቴም መንገድ ላይ ጠፍታለች።»

«ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው» አለው ሹሙ። «ቴምብር ለጥፈህ ማመልከቻ አምጣ።»

ሰውየው ሳይቀየም እሺ ብሎ ጣቱን ቀለም አስነክሮ ለፍላጻው መሰከረ። እኔም መጻፌን አላቋረጥኩም። «የጠፋበት ምክንያት» በሚለው ላይ «ከእንስሳ ጋር ሄደ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ አንዱን ቀን ፈጀ። በማግስቱ ሹሙ ቀስቶቹ ኬላ የሚያልፉበት ይለፍም ይጻፍ አለና እዚያው ላይ ተሰናከለ። ቀስት የጦር መሣሪያ ነው። ለጦር መሣሪያ ደሴ ሳይጠየቅ አንድ ፊደል አይጻፍም። ደሴ ከተጠየቀ ደግሞ መልሱ የሚመጣው አውሮፕላኑ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ሌላ ፈረንጅ ጭኖ ከመጣ በኋላ ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር ሲንጎራደድ ዋለ። ለተኛው ሕዝብ አንድ ጊዜ እንኳን እንዲህ ሲጨነቅ አላየሁትም።

በመጨረሻ «ስማ» አለኝ፤ «የጎበጠ እንጨት ሆኖ ጅማት የተወጠረበት ሌላ ስም የለውም?»

«ደጋን አለ» አልኩት፤ እየቀለድኩ ነበር።

«ታዲያ ደጋን ብለህ ጻፈው!»

በእኛ አገር ደጋን ሲባል ማንም ሰው የሚያስበው የጥጥ መንደፊያውን ነው። ጅማቱን እየነዘሩ ጥጥ የሚያባዝቱበት፣ በየቤቱ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል። ይህንን ለሹሙ ነገርኩት። እንዲያውም ደስ አለው። የሙያ ዕቃ ከሆነ ያለ ማንም ጥያቄ ይለፍ ይጻፍለታል። «ፍላጻውንስ ምን እንበለው?» አልኩት። «የደጋን መምቻ» አለኝ ዓይኑን ሳያሽ። እንግሊዝኛው ላይ ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሆነ ፈረንጁ ምንም አላወቀ፤ ምንም አልጎደለበትም። በመንግሥት ወረቀት ላይ ያ ሁሉ ባሕር የተሻገረ አዳኝ ጥጥ ነዳፊ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቅጹን አስገብቼ መተየብ ስጀምር ነው የገባኝ። የሙያ ዕቃ ይለፍ አንድ መሥመር አለው፤ «ዕቃውን ይዞ የሚሄድ ባለሙያ» ይላል። አክስቴ ዕድሜ ልኳን ጥጥ ስትነድፍ የኖረች ሴት ናት። ዋጃ ውስጥ ለሠርግ ጋቢ የሚሆን ጥጥ ከእሷ እጅ ሳይገባ አይሸመንም ነበር።

በዚያ መሥመር ላይ ስሟን ከነአባቷ ጽፌ «አንዲት ጥጥ ነዳፊ» አልኩ። ሁለት ደጋን ከአንዲት ጥጥ ነዳፊ ጋር። እንዴት አማረ። ምን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ነው እያልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሌሎቹ ወረቀቶች መሃል ደብቄ ሹሙ ፊት አስቀመጥኩ፤ ፈረንጁን እየሸኘ በችኮላ ሁሉም ላይ ማህተም መታ። ዋናውን ለፈረንጁ፣ በካርቦን የወጣውንና ማህተም ያረፈበትን ግልባጭ ለአክስቴ ሰጠሁ። ሹሙን ድፍን ሁለት ዓመት ስንቀው ኖሬ በገዛ ማህተሙ አታለልኩት ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ፈረንጁን በዚያች እንግሊዝኛዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወደ ኋላ ወንበር ጠቆመና የብስኩት ቆርቆሮም ጨመረላቸው። ሣጥኑን እንዳይነኩበት ብቻ አደራ አለ። ልጅቷን አቅፌ አስገባኋት፤ ከላባ አትከብድም ብል ውሸቴን አይደለም። አክስቴ እጄን ስማ «አላህ ያክብርህ» አለችኝ። መኪናው እስኪሰወር ድረስ መንገዱ ዳር ቆሜ እጄን ሳውለበልብ ነበር።

ኬላው ላይ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ፖሊሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ሣጥኑን አስከፍቶ ደጋኖቹን ቆጠረ፤ ሁለት። ይሄ ምን ዓይነት ጥጥ ነው የሚነድፈው ብሎ ቢገረምም ማህተሙን አይቶ ዘጋው። ነዳፊዋን ቆጠረ፤ አንዲት። ከዚያ በእቅፏ ያለችውን አየና «ይቺስ?» አለ።

«ልጄ ናት።»

«ወረቀቱ ላይ የለችም።»

ለመነችው፣ እግሩ ላይ ወደቀች። ልጅ ከናቷ ጋር አይደለም እንዴ የሚቆጠረው አለችው። ፖሊሱም ጨካኝ አልነበረም፤ አለቃዬ እዚያ ማዶ ቆሞ እያየኝ ነው፣ አንዲት የሚል ወረቀት ይዤ ሁለት ባሳልፍ ጉዴ ይፈላል አላት። ፈረንጁ አንድ ሁለት ጊዜ በእጁ ምልክት ተሟገተ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ። አውሮፕላኑ አለ። የኋላውን በር ከፈተላት። ቀስቶቹ ኬላውን አለፉ፤ አክስቴ ልጇን ይዛ ወረደች።

ለምን ልጅቷን አልጻፍኳትም? ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ከሁሉ በላይ እኔ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሹሙ ያይብኛል ብዬ ፈርቼ ነው ብዬ ለብዙ ዘመን ስዋሽ ኖሬያለሁ። ሹሙ አላየም፤ አሥር ልጅ ብጽፍም አያይም ነበር። እውነቱ ግን ልጅቷ ትዝ አላለችኝም። ቅጹ ባለሙያ ይላል፣ እኔ ባለሙያ ሞላሁ። ሌት ተቀን ከዚያ ወረቀት ጋር ስኖር እኔም ወረቀቱ የጠየቀኝን ብቻ የሚያይ ሰው ሆኜ ነበር፤ ያ የምስቅበት ሹም ማለት እኔ ነኝ። «ከነልጇ» የምትል ቃል ለመጨመር ምን ያህል ቀለም ይፈጅብኝ ነበር?

በአራተኛው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። ጀርባዋን አየሁ፤ አንቀልባው ታጥፎ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል። ከጎብዬ በእግሯ ስትመለስ ሮቢት ሳይደርሱ ነው ልጅቷ ያረፈችው። የሮቢት ሰዎች ከፍነው፣ ሰግደውባት ቀበሩላት፤ አላህ ይስጣቸው። ኢና ሊላሂ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ተነሥቼ ልይዛት ስል በእጇ ገታችኝ።

አላለቀሰችም፤ አልረገመችኝምም። ብትረግመኝ በወደድኩ። ያን የካርቦን ግልባጭ ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ በላብ ረጥቦ ነበር፤ ማህተሙ ግን አልለቀቀም።

«እስቲ አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት። ሁለት ደጋን ከአንዲት ጥጥ ነዳፊ ጋር።

«አሁን ልክ ነው፤ አንድ ነኝ» አለች። «ያሳልፈኛል?»

«ደጋኖቹ ያስፈልጋሉ» አልኳት፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ አንደበቴ ያገኘው ይህን ነው። እሺ አለች። ወጥተን ከሰፈር ጎረቤት ሁለት የጥጥ ደጋን ለመንንላት፤ ጥጥ በሌለበት ዘመን ማንም አልነፈገንም። ሁለቱንም ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ሳትሰናበተኝ፣ ወደ ጎብዬ መንገድ ጀመረች።

በኋላ ያ የኬላ ፖሊስ ቆቦ ተዛውሮ መጣና አንድ ቀን ሻይ ቤት አግኝቼ ጠየቅኩት። ያስታውሳታል። ደጋኖቹን ቆጠርኩ አለኝ፣ ሁለት ናቸው። እሷን ቆጠርኩ፣ አንድ ናት። ወረቀቱ ምንም ጉድለት ስላልነበረበት «ሂጂ እናቴ» ብዬ አሳለፍኳት አለኝ።